ፍራሽ እንደ በሬ ሲገዛ

ሰው ትዳሩ ስለሰነበተለት ሽማግሌዎቹን ያመሰግናል። እኔ የማመሰግነው ፍራሻችንን ነው። ፍራሻችን መሃሉ ጎድጉዷል። ጎድጉዷል ስላችሁ ረገብ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ክረምት ላይ ጣሪያው ቢያፈስ ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ ዓሣ ይረባበታል። እኔና ባለቤቴ ዘሀራ ማታ ማታ እንደ ገደል አፋፍ ከብት ተጠንቅቀን በየዳርቻችን እንጋደማለን። እንቅልፍ ሲወስደን ግን ሁለታችንም ተንሸራተን መሃል ላይ እንገናኛለን። ብንጣላም እንገናኛለን። ስንት ጊዜ ተኳርፈን፣ ጀርባ ተሰጣጥተን ተኝተን፣ ሲነጋ ግንባር ለግንባር ተጋጭተን ነቅተናል መሰላችሁ። ግንባሩ የተጋጨ ሰው መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ያቺን የማታዋን ኩርፊያ ቢፈልጋት አያገኛትም።

እንዲህ ያለውን አስታራቂ ለምን ትቀይራለህ ትሉኝ ይሆናል። እኔማ መች ቀየርኩ፤ ያስቀየሩኝ አማቴ ናቸው።

አማቴ እመት ፋጡማ የሚኖሩት ባቲ ነው። ባለፈው ዓመት ሊጠይቁን ከሚሴ ሲመጡ አልጋውን ለቀንላቸው እኛ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኛን። ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ "እንዴት አደሩ?" አልኳቸው። በእኛ አገር አንዴ ብቻ መጠየቅ እንደ ስስት ስለሚቆጠር በኦሮምኛም "አካም ቡልተን?" ብዬ ደገምኩ። የሁለቱም መልስ አንድ ነው፤ አልሃምዱሊላህ። ሌሊት ጣሪያ የወደቀበትም መልሱ ያው ነው፤ ጅብ ደጁ ላይ ሲስቅበት ያደረም መልሱ ያው ነው። እንግዳ ስለተኛበት ፍራሽ እውነቱን የሚናገርበት ቃል አልተሰጠውም። ያለችው ድምፁ ብቻ ናት። አጭር አልሃምዱሊላህ አለ፣ ረጅም አለ፣ ፈገግታ ጣል የተደረገበት አለ። አማቴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው ያወጡት ግን ለቅሶ ቤት የሚባለውን ነበር።

ባቲ የተመለሱት ደግሞ ለገበያው ቀን ነው። ባቲ ገበያ ከደጋ የወረደውና ከአፋር ቆላ የወጣው ሁሉ የሚገናኝበት ነው። እመት ፋጡማ ጨው ሲገዙ ወገባቸውን ያዙ፣ በርበሬ ሲገዙ ወገባቸውን ያዙ፣ ሰላም ሲባሉ ወገባቸውን ያዙ። ወሬው በግመል ተጭኖ ቆላ ወረደ። እኔ ጎማ ጠጋኝ ነኝ፤ ብዙ ሳይቆይ አንድ የማላውቀው የአፋር ነጋዴ የመኪናው ጎማ ፈንድቶ መጣልኝና ገና ጎማውን ሳያወርድ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ቤቴን አይቶ "አማትህን ገደል ውስጥ አስተኛሃቸው አሉ?" አለኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ እመት ፋጡማ ወገባቸውን ሊያሳርፉ ልጃቸው ዘንድ እንደሚመጡ ሲያስነግሩ ዘሀራ ቁጭ ብላ አላናገረችኝም፤ ቆማ ነው ያናገረችኝ።

"እናቴ ሁለተኛ በዚህ ጉድጓድ ውስጥ አታድርም። ጥሩ ፍራሽ ካልገባ ስትመለስ አብሬያት ባቲ እወርዳለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"ወገቧ እስኪድን።"

አማቴን ወገባቸውን ማመም የጀመራቸው እኔ ሳልወለድ ነው። ዘሀራ በዚህ ሂሳብ ከሄደች የምትመለሰው ለቀብሬ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፍራሽ ልገዛ ተነሳሁ።

ፍራሽ መግዛት ቀላል የሚመስለው ገዝቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሐብሐብ ይንኳኳል፣ ጤፍ ይዘገናል፣ ጫት ይቀመሳል። ፍራሽ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ነው የሚጠብቃችሁ። ውስጡን የምታውቁት ቤታችሁ አስገብታችሁ፣ ላስቲኩን ልጣችሁ፣ የመጀመሪያው ረመዳን ካለፈ በኋላ ነው። ሰው አማከርኩ። አንዱ በጡጫ ምታውና ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ጥሩ ነው አለኝ። ሌላው በጡጫ የሚመታ ፍራሽ ቀድሞውንም ተጎድቷል፤ ይልቅ አሽትተው አለኝ። ምን ምን መሽተት እንዳለበት ብጠይቀው፣ "ምንም መሽተት የለበትም" አለኝ፤ ታዲያ ለምን አሸተዋለሁ? በእኔ ሙያ ቢሆን ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ቀላል ነበር፤ ነፍቶ ውሃ ውስጥ መድፈቅና አረፋ የሚያወጣበትን ማየት ነው። ይህን ሐሳብ ለባለሱቁ አቅርቤለት ነበር።

ባለሱቁ ሙሄ ይባላል። አስፋልቱ ዳር ያለ፣ ከወንበር እስከ ምንጣፍ የሚሸጥ፣ ስለ ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት መሐላ ያለው ወጣት ነው። ፍራሹን ውሃ ውስጥ ልድፈቀው ስለው ላስቲኩን በመዳፉ መታ መታ አደረገልኝ።

"ይሄ እኮ ኦርጅናል ነው፣ ወላሂ። ዋስትና አለው።"

"ዋስትናውን የሚሰጠው ማነው?"

"ፋብሪካው።"

"ፋብሪካው የት ነው?"

"ሩቅ ነው" አለኝ፣ ርቀቱም የጥራቱ ማስረጃ እንደሆነ ሁሉ በኩራት።

ያን ጊዜ ነው አያ እንድሪስ ትዝ ያሉኝ። አያ እንድሪስ ሰንበቴ ገበያ ላይ በከብት ድለላ ያረጁ ሰው ናቸው። አንድ በሬ አይተው የእናቱን አመል ይነግሯችኋል። በሬው ራሱ የማያውቀውን በሽታውን ይነግሩታል። እሳቸው የመረጡትን በሬ ገዝቶ ያለቀሰ የለም፤ እሳቸው የተዉትን ገዝቶ ያላለቀሰ የለም። ታዲያ ፍራሽ ከበሬ በምን ይለያል? ሁለቱም ጭነት ነው የሚሸከሙት፣ ሁለቱንም ሻጭ አሳምሮ ነው የሚያቀርባቸው፣ ሁለቱም ቤት ከገቡ በኋላ ነው አመላቸው የሚወጣው። ይህን ሐሳብ ሳገኝ በራሴ በጣም ነበር የኮራሁት፤ ይኸው እስካሁን ድረስ እያዋረደኝ ነው።

ወደ ሱቁ ስንሄድ አያ እንድሪስ መንገድ ላይ ጠየቁኝ።

"ስንት ጥርስ አውጥቷል?"

"አያ፣ ፍራሽ ነው እኮ።"

"ሰምቻለሁ። ስንት ጥርስ?"

ሱቁ ደርሰን ሙሄ ፍራሹን ሲያቆምላቸው ፊት ለፊት አላዩትም። ከብት ከፊት አይታይም፤ ፊቱን ሻጭ አጥቦ ነው የሚያመጣው አሉና በኋላው ዞሩ። ራቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለኩት። ቀረብ ብለው ሽንጡ ላይ በመዳፋቸው ቸብ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡት። ድምፁ ጎርናና መሆኑን ወደዱለት። ጎኑን ቆንጥጠው ጎተቱና ቆዳው ከሥጋው አልተላቀቀም አሉ። ቀጥሎ ሙሄን ትክ ብለው አይተው፣ ትናንት ጨው አልሶ ውሃ አጠጥቶ እንዳላሳበጠው ጠየቁት። ሙሄ ወላሂ ውሃ ነክቶት አያውቅም አለ። አያ እንድሪስ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ ሲምል ያልሰሙት ሻጭ የለም።

ዋጋው ላይ ሲደረስ ጋቢያቸውን የሙሄ እጅ ላይ ጣል አደረጉበት። የሰንበቴና የባቲ ደላላ ዋጋ በአፉ አይጠራም፤ ጋቢ ስር ጣት ለጣት ተያይዞ ነው የሚከራከረው፣ ከበው የቆሙት እንዳያውቁ። ሙሄ ግን የዛሬ ልጅ ነው።

"አያ እንድሪስ፣ እየኮረኮሩኝ ነው" አለ።

አያ እንድሪስ እንዲህ ያለ መልስ በዘመናቸው ጋቢ ስር አልደረሳቸውም። እጃቸውን ሰበሰቡና ወደ እኔ ዞሩ። በሬ ቆሞ አይታወቅም አሉ። የእርሻ በሬ ቀንበር ሳይሸከም፣ ሁለት ትልም እንኳ ሳይሄድ የሚገዛ ሰው የለም። ፍራሹም ይጠመድ። ሙሄ ቢቸግረው እሺ አለ፤ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ደጁ ላይ፣ ጥላው ስር እንድንሞክረው ፈቀደ። አንዲት ነገር ብቻ አስጠነቀቀን፤ አንዳች ነገር ቢሆን ፍራሹ የእኛ ነው። አያ እንድሪስ ዱዓ መስሏቸው "አሚን" አሉ።

ላስቲኩ ተላጠ፣ ፍራሹ አስፋልቱ ዳር ዛፉ ስር ተዘረጋ። የቀረው ጭነቱ ነው። እመት ፋጡማ፣ ማሻአላህ፣ ሙሉ ሰው ናቸው። እኔ ብቻዬን ብተኛ የምወክለው ከወገባቸው በላይ ያለውን ነው። ስለዚህ እኔ በራስጌ ተጋደምኩ፣ አያ እንድሪስ ሽመላቸውን ይዘው በግርጌ ተቀመጡ፤ ሁለት ሆነን አንድ አማት ሞላን።

ከሚሴን በዙህር ሰዓት የሚያውቃት ያውቃታል። አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ውሻ ጥላውን እየተከተለ ይዞራል፣ ሰውም ጫቱን ይዞ የሚቀመጥበት ይፈልጋል። የተቀመጠ ሰው ደግሞ የቆመ ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። አንድ ሰው ምን እየሠራን እንደሆነ ሲጠይቀን አያ እንድሪስ "ታኢ" አሉት፤ ተቀመጠ። እሱ ደግሞ ሌላውን ተቀመጥ አለው። ፍራሽ እየሞከርን መሆኑን የሰማ ሁሉ እስቲ እኔም አለ፤ ሁሉም የተቀመጠበትን ቦታ እየመሰከረ እዚያው ቀረ። ዳሩን የሞከረ ዳሩ ላይ፣ መሃሉን የሞከረ መሃሉ ላይ። ጫት ተፈታ፣ ውሃ መጣ። ፍራሹ ላይ ሦስት አማት የሚያህል ሰው ሰፈረበት፤ አልጎደጎደም። እኔ ከመጨናነቁ የተነሳ ጉልበቴን አቅፌ፣ በዚያ ላይ ደስ ብሎኝ፣ በቃ ልግዛውና ወደ ቤት ልውሰደው ብዬ ልነሳ ስል ነው ከማልና አሊ እየተጯጯሁ የደረሱት።

ከማል ባጃጅ ነጂ ነው። አሊ የፍየል ባለቤት ነው። ፍየሏም በገመድ ተስባ አብራ መጥታለች። ሁለቱ ሰዎች ሲያዩን ቀጥ ብለው ቆሙ። እስቲ እናንተም በእነሱ ዓይን እዩን፤ ዛፍ ጥላ ስር፣ የተከበሩ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ መሃላቸው ሽበታም ሰውዬ ሽመል ይዘው። ፍራሹ በሰው ተሸፍኗል፤ አይታይም። ሽምግልና ነው የምንመስለው።

"አሰላሙ ዐለይኩም" አለ ከማል። "አላህ ነው እናንተን ያገናኘን።"

"ፍራሽ እየሞከርን ነው" የሚል ወኔ ያለው ከመካከላችን ጠፋ። ነገር ይዞለት የመጣን ሰው የመለሰ ሽማግሌ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አያ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተቀመጡ አሏቸው። በእኛ ወግ ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ባለጉዳይ ሳይታረቅ አይነሳም፤ ሽማግሌውም ሳያስታርቅ አይነሳም። እኔ ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየኋት።

ክርክሩ እንዲህ ነው። ከትናንት ወዲያ ከማል ባጃጁን አቁሞ ምሳ ሲበላ የአሊ ፍየል ገብታ የኋላውን ወንበር ስፖንጅ በልታዋለች። ከማል ወንበሬን ይላል። አሊ ደግሞ ፍየሏ ከዚያ ወዲህ ሣር አልነካችም፣ ሆዷ ውስጥ ወንበር ይዛ ትዞራለች፣ ፍየሌን ይላል። ከማል ወንበሩን በማጣቱ ተሳፋሪ ቆሞ እንደሚሄድለት ተናገረ። ባጃጅ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚቆም የጠየቀው የለም።

ነገሩ ገና መሃሉ ላይ ሳይደርስ ስልኬ ጮኸ። ዘሀራ ናት።

"እናቴ ኮምቦልቻ ደርሳ መኪና ይዛለች። ፍራሹ የት ነው?"

"ሽምግልና ላይ ነው" አልኳት በሹክሹክታ።

"ማን?"

"ፍራሹ።"

ስልኩ ተዘጋ። እሷ ናት የዘጋችው።

እኔ ስልኩን ወደ ኪሴ ስከት ሁሉም ሰው እኔን ሲያይ ፍየሏን የሚያይ አልነበረም። እሷ ግን በአያ እንድሪስ ጀርባ በኩል ዞራ፣ የፍራሹን አንድ ጥግ በአፏ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ታላምጥ ነበር። ሙሄ ከሱቁ ወጥቶ ቆመ። አልተናደደም። በሕይወቱ እንዲህ ቀላል ሽያጭ ገጥሞት አያውቅም።

"በቃ፣ ተሸጧል" አለ።

አያ እንድሪስ የተነከሰውን ጥግ አገላብጠው አዩትና ፊታቸው በራ። ፍየል ማንኛውንም ነገር ትቀምሳለች እንጂ ማንኛውንም ነገር ዓይኗን ጨፍና አታላምጥም አሉኝ። ሣር እንቢ ያለች ፍየል ይህን ስፖንጅ ከመረጠች ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ልቤ አረፈ። አስቡት፣ ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ ፍየሏ ግን እዚሁ ናት። ሙሄ የጠየቀኝን ሰጥቼ ገዛሁት። ያላረፈው ከማል ነው። ዘሎ ተነሳና፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ፍየሏ ጥሩ ስፖንጅ እንደምትመርጥ መሰከሩ፤ እንግዲያው የተበላው ወንበሬ ምርጥ ወንበር ነበር፣ ካሣው ይጨመር አለ። አሊም ተነሳ። ያን የመሰለ ምርጥ ነገር ክፍት ባጃጅ ውስጥ አስቀምጦ ድሃ ፍየል ማጓጓት ግፍ ነው አለ። ጩኸቱ ከቅድሙ በለጠ። ገበያተኛው ተሰበሰበ፤ ክቡ ሰፍቶ አስፋልቱ ድረስ ፈሰሰ።

አሁን ፍራሹ የእኔ ነው። ላዩ ላይ ግን ሽማግሌ ተቀምጧል። ጎትቼ ላወጣው? ሽማግሌ ከተቀመጠበት የሚያስነሳ ጎማ ጠጋኝ ከሚሴ ውስጥ ጎማ የሚያስጠግን ደንበኛ አያገኝም። አያ እንድሪስን ቀስ ብዬ በጆሯቸው፣ ወደ ቤቴ ሄደን እዚያ ብንቀጥልስ አልኳቸው። ሽምግልና በተጀመረበት ያልቃል፣ ዛሬ ካላለቀም ነገ እዚሁ፣ ፍራሹም እዚሁ አሉኝ።

በዚህ መሃል አንድ ሚኒባስ በሰው ብዛት ማለፍ አቅቶት ቆመ። ጥሩንባ ነፋ። በሩ ተከፈተና መጀመሪያ ዘንቢል፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ ቀጥሎ እየተነፈሱ እመት ፋጡማ ወረዱ። ያን ሁሉ ሰው በዓይናቸው ሰንጥቀው እኔ ላይ አረፉ። እኔ ፍራሽ ላይ ነኝ። ጉልበቴን አቅፌያለሁ። ጉንጬ በጫት ተወጥሯል።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "አልጋህን ሸጠህ አስፋልት ላይ ታድር ጀመር እንዴ?"

ቦታ ልለቅላቸው ተንፏቀቅኩ። ደግነቱ ሰዎቹ ሁሉ ብድግ ብድግ አሉና ኑ፣ ዐረፍ ይበሉ፣ መንገደኛ ናቸው ተባለ። እመት ፋጡማ ወገባቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን አጨማድደው፣ ያለፈውን ዓመት እያስታወሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ትንሽ ወደ ቀኝ ተመቻቹ። ትንሽ ወደ ግራ ተመቻቹ። ዘንቢላቸውን ተንተራሱ። ከማል ካሣውን ለሦስተኛ ጊዜ እያስረዳ ሳለ ከግርጌው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ የጭነት መኪና ከሩቅ ዳገት ሲያያዝ መስሎኝ ነበር።

አማቴ ያንኮራፋሉ።

አያ እንድሪስ ሽመላቸውን አነሱ። የሰው ሁሉ አፍ ተዘጋ። የታመመች እናት፣ መንገደኛ፣ እንግዳ፣ ያውም የተኛች፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ከማንም ጋር ሳይሆን ከከተማው ጋር ነው የሚጣላው። ክርክሩ ግን አላለቀም፤ በሹክሹክታ ይቀጥል ተባለ።

በሹክሹክታ ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? አይቻልም። ከማል ጡጫውን ጨብጦ "አልተውህም" ብሎ ሲያንሾካሹክ ለወዳጁ ምስጢር የሚነግር ነው የሚመስለው። አሊ አልሰማው ስላለ ጆሮውን አቀረበ። የአሊ መልስ ለከማል ስላልተሰማ እሱም ጆሮውን አቀረበ። ሁለቱም አንገት ለአንገት ተያያዙ። አሊ ስለ ፍየሏ ሆድ ሲያንሾካሹክ ትንፋሹ የከማልን ጆሮ ኮረኮረውና ከማል ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ላለመሳቅ አፉን ሲይዝ አሊም ያዘው። ነገሩ እዚያ ላይ ሞተ። አሊ ወንበሩን ሊያሠራ፣ ከማል ደግሞ ፍየሏን እስክትድን ድረስ የከብት ሐኪም ቤት በነፃ ሊያመላልስ ተስማሙ፤ አዲሱን ወንበር እንዳታይ ዓይኗ እንዲሸፈን በአሊ በኩል ቃል ተገባ። ዱዓውም በሹክሹክታ ሆነ።

አሁን አማቴን ወደ ቤት መውሰድ ነው። መቀስቀስ አይሆንም፤ የተኛ እንግዳ መቀስቀስ ነውር ነው፣ በዚያ ላይ ዘሀራ እናቷ ስትተኛ በዓይኗ ማየት አለባት። ሽማግሌዎቹ ፍራሹን በአራቱም ጥግ ያዙት፤ የተነከሰውን ጥግ እኔ ያዝኩ። አያ እንድሪስ ዝንብ እንዳይነካቸው ብለው ጋቢያቸውን ከእግር እስከ ራስ አለበሷቸው። ቀስ ብለን አነሳናቸው፤ ተንቀሳቀስን።

ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አሁን ሳስበው ግልጽ ነው። ያን ጊዜ ግን ከባድ ነበሩና ማሰብ አልቻልኩም።

ጋቢ የለበሰ ሰው በትከሻ ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው የሚሄዱ ሰዎችን ከሚሴ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቃቸው። መጀመሪያ አንድ ባጃጅ ቆመ። ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ መዝጊያውን ገጠም አደረገ። ከሻይ ቤቱ ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሱና ከኋላችን ሆኑ። ተራ ልግባ እያሉ ከትከሻችን የሚቀበሉን መጡ፤ እኔ በሙሉ ልቤ ሰጠኋቸው። የቅሬው፣ የቀብር ዕድራችን፣ ሰብሳቢ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ዱላውን ይዞ ደረሰ። ቀብርን ማፍጠን ደግ ስለሆነ ፍጥነታችንም ጨመረ። ሰብሳቢው አጠገቤ ሆኖ ዓይኑን እየጠረገ ሲራመድ አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ፣ "ተኝተው ነው" አልኩት።

"አዎ ወንድሜ" አለኝ ትከሻዬን ጨምቆ። "ሁላችንም እንተኛለን።"

ቆፋሪ መላኩን የነገረኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ቤታችን ደጅ ስንደርስ ዘሀራ እናቷን ልትቀበል በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰልፉን አየች፣ እኔን አየች፣ ዘንቢሉን አወቀችው። ያወጣችውን ጩኸት ሰንበቴ የሰሙት ይመስለኛል። ጋቢው ተነቃነቀ። ተሸካሚዎቹን ፍራሹን ከመጣል ያዳናቸው መደንዘዛቸው ነው። እመት ፋጡማ ጋቢውን ገልጠው ቁጭ አሉና ያን ሁሉ የሚያለቅስ ሰው ዞር ዞር ብለው አዩት። ፊታቸው በሐዘን ተጨማደደ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ነው ያየው። ዘሀራም ወደ እኔ ነው ያየችው፤ በዚያ አስተያየቷ ግማሽ ዕቃዋ ባቲ ደርሷል። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ መግሪብ አልተባለም፤ እኔ ግን ወደ ፊት ወጣ ብዬ ሌላ ቃል ስላጣሁ፣

"እንዴት አደሩ?" አልኳቸው።

እመት ፋጡማ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ። በቀኝ በኩል ዳሰሱት፣ በግራ በኩል ዳሰሱት። የሆነ የጠፋባቸው ነገር እንዳለ ሁሉ ጎንበስ ቀና ብለው ፈለጉት። ቀስ እያለ ፊታቸው ተፈታ።

"አልሃምዱሊላህ" አሉ።

አጭሯ ናት፤ ፈገግታ ያለባት። ቀጥለውም እንግዳ የማይጨምረውን ጨመሩበት፤ "እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከሠርጌ ወዲህ አልተኛሁም።" ያ ሁሉ ቀባሪ ባንድ ድምፅ አልሃምዱሊላህ አለ። ዘሀራ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እኔን መታችኝ፤ ሁሉንም ባንዴ። ቆፋሪው በስልክ ተመለሰ። የመጣው ሰው ደግሞ ሳይቀመጥ አይሄድምና ቤታችን ያለውን ሁሉ በልቶ ሄደ።

እመት ፋጡማን እንደዚያች ፍራሽ ያሻላቸው መድኃኒት የለም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስጠይቃቸው ድምፃቸው ከቀን ወደ ቀን እያጠረ፣ ፈገግታቸው እየሰፋ ሄደ። እኔም ልቤ አበጠ። አያ እንድሪስ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ "በሬው እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ "ያርሳል" እላቸዋለሁ። እንግዲህ ሰው ወደ ጥፋት የሚሄደው ልቡ ሲያብጥ ነው። አማቴ ሊመለሱ ዘንቢላቸውን ያነሱ ዕለት በሩ ላይ ቆመው፣ የሰፈሩ ጎረቤት ሁሉ እየተሰበሰበ፣ "ልጄ፣ ይህ ፍራሽህ ግን... ማሻአላህ" አሉኝ።

እኛ ወሎዬዎች አንድ ደካማ ጎን አለን። እንግዳ አንድን ነገር ወድዶ ሲያደንቅ ምላሳችን ከእኛ ቀድሞ ይሮጣል።

"ጀባ ብያለሁ!" አልኩ፤ ሰጥቻለሁ ማለቴ ነው።

እንቢ ብለው ሁለቴ ይመልሳሉ ብዬ ነበር፤ ወጉም እሱ ነው። እሳቸው ግን ባንዴ "በረካ ሁን፣ ልጄ" አሉ። ፍራሹ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በገመድ ታሰረ። የተነከሰው ጥግ በእኔ በኩል ነበር። ዘሀራ ፍራሹን አየች፣ ሚኒባሱን አየች።

"ጥሩ ፍራሽ ያለው አሁን እናቴ ቤት ነው" አለች። "እኔስ ምን እጠብቃለሁ?"

አማቴ ከመስኮቱ ብቅ ብለው ፍራሹ የሚያስተኛው አንድ ሰው መሆኑን ለልጃቸው በትሕትና ነገሯት። መኪናው ሄደ። ዘሀራ ቀረች፤ አልተናገረችም እንጂ።

ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም። ሙሄ ሱቅ ያው ዓይነት ሌላ ፍራሽ አለ፤ ግን ያለዚያች ፍየል እንዴት አድርጌ ልመነው? ፍየሏ ደግሞ ድና ሣር መብላት ጀምራለች፤ ከእንግዲህ ምስክርነቷ አይታመንም። ማታ አሮጌው ፍራሽ ተመልሶ ተነጠፈ። ዘሀራ በዳርቻዋ፣ እኔ በዳርቻዬ፣ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን፣ የአልጋውን ጠርዝ በጣቶቻችን ጨብጠን ተኛን። እንዲህ ጠንክራ ስትይዝ አይቻት አላውቅም።

ሲነጋ ግንባር ለግንባር ተጋጭተን ነቃን።

"እንዴት አደርሽ?" አልኳት።

"አልሃምዱሊላህ" አለች ግንባሯን እያሻሸች። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከድምፁ ልለይ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እየሳቀች ስለነበር አልተለየልኝም።